ደሴ ላይ ሆኖ የፕሮቲን መበላሸትን ማጥናት፦ ከእንቁላል እስከ ኮንጎ ሬድ

«ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለው ላብራቶሪ ውስጥ ሆነሽ አሚሎይድ አጠናለሁ ትያለሽ?» የማስተርስ ርዕሴን ሳቀርብ መጀመሪያ የገጠመኝ ጥያቄ ይህ ነበር። ጠያቂው አልተሳሳቱም። እጃችን ላይ ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ዋተር ባዝ፣ ፒኤች ሜትር፣ ተራ ማይክሮስኮፕና ማቀዝቀዣ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከዚያም ላይ የጎደለው ብዙ ነው። ጥናቱ ግን ተሠርቶ አልቋል። አሁን በዚሁ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ከሁለቱም ከተሞች ይመጡብኛል፤ ለእነሱ በየጊዜው በቃል የምደጋግመውን ነው እዚህ የማሰፍረው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፋርማሲ ወይም ሜዲካል ላብራቶሪ ለሚማር ሰው ይሆናል።

ነገሩን ከሥሩ ለሚጀምር፦ ፕሮቲን የ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። አብዛኛው ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን ሪቦኑክሌዝ የተባለውን ኤንዛይም በኬሚካል ቅርጹን ካፈረሰው በኋላ ኬሚካሉን ቢያስወግድለት ፕሮቲኑ ራሱን ችሎ ተመልሶ እንደሚታጠፍ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተካፈሉት አንዱም ሆነ። የመታጠፊያው መመሪያ ሰንሰለቱ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው። መታጠፉ ሲበላሽ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ። አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጓጉላል። አንዳንዱ ግን ሥርዓት ያለው ረጅም ክር ይሠራል፤ አሚሎይድ የምንለው ይህን ክር ነው። ሰንሰለቶቹ ከክሩ አቅጣጫ አግድም ይደረደራሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.47 ናኖሜትር ገደማ ነው። በአልዛይመር በሽታ አሚሎይድ ቤታና ታው፣ በፓርኪንሰን አልፋ ሲኑክሊን፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ደግሞ ቆሽት ውስጥ አሚሊን የተባለው ሆርሞን እንዲህ ተከማችተው ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ አንብቦ «የሰው አንጎል ናሙና ከየት ላመጣ ነው?» ብሎ ርዕሱን የሚተው ተማሪ ብዙ ነው። እኔን ያቆየኝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከእንግሊዝ፣ ከክሪስ ዶብሰን ቡድን የወጣው ሥራ ነው። ከየትኛውም በሽታ ጋር የማይገናኙ ፕሮቲኖች እንኳን አሲዱና ሙቀቱ ከተመቻቸላቸው አሚሎይድ ክር እንደሚሠሩ አሳዩ። ክር የመሥራት ዝንባሌ የጥቂት «መጥፎ» ፕሮቲኖች ብቻ ሳይሆን የሰንሰለቱ ጠባይ ከሆነ፣ ሕጉን ለማጥናት አንጎል አያስፈልገንም። እንቁላል ይበቃናል።

እንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው ላይሶዛይም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። 129 አሚኖ አሲዶች ብቻ ናቸው ያሉት። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ያስታወቀው፣ በ1965 ደግሞ ከኤንዛይሞች ሁሉ ቀድሞ ቅርጹ በኤክስሬይ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሰው ላይሶዛይም ደግሞ በዘር በሚወረስ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ምክንያት ጉበትና ኩላሊት ውስጥ አሚሎይድ ሆኖ እንደሚከማች ከ1993 ጀምሮ ይታወቃል። የምናጠናው የእንቁላሉ ፕሮቲን በበሽታ ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለው ማለት ነው፤ መግቢያችሁን ስትጽፉ ይህን አትርሱት።

የላይሶዛይም ዱቄት ከአቅራቢ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ፤ 1 ግራም ለአንድ ቴሲስ ይተርፋል። ግዢው ከተንጓተተባችሁ (ይንጓተታል) ከእንቁላል ማውጣት ይቻላል። ዘዴው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ነጩን ለዩት፤ አረፋ እንዳይሠራ በቀስታ አዋህዱትና በጨርቅ አጥልሉት። ለ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ንጹህ ሶዲየም ክሎራይድ አሟሙበት፤ ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ ወደ 9.5 አምጡትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ተዉት። ላይሶዛይም ከሌሎቹ የእንቁላል ፕሮቲኖች የሚለየው ፒኤች 11 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ነው፤ በዚያ ጨውና ፒኤች ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። ከሌላ ላብራቶሪ ትንሽ የላይሶዛይም ክሪስታል ካገኛችሁና ብትጨምሩበት ቶሎ ይወርዳል። በደካማ አሴቲክ አሲድ አሟሙታችሁ እንደገና ክሪስታል አድርጉት፤ አንዴ ብቻ የወረደ ክሪስታል ሌላ ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። መጠኑን በስፔክትሮፎቶሜትር በ280 ናኖሜትር ትለካላችሁ፦ 1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ) ላይ ያነበባችሁትን ለ2.64 ስታካፍሉ በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይነግራችኋል።

ከዚያ ማሞቅ ነው። የተለመደው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 2 ላይ፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ አድርጎ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ለቀናት ማቆየት ነው። እዚህ ላይ ደሴ የራሷን ጠባይ ታመጣለች። ከፍታችን 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ኮምቦልቻ ወርደን እንኳን 94 አካባቢ ነው። «ናሙናውን 95 ዲግሪ ላይ አፍላ» የሚል ፕሮቶኮል በዋተር ባዝ አይፈጸምም፤ ሂት ብሎክ (ቲዩቡን ያለ ውሃ በብረት የሚያሞቀውን) ፈልጉ፣ ወይም ያደረጋችሁትን ሙቀት እንዳለ ጻፉ። በ60 ዲግሪም ቢሆን ቲዩቡ በደንብ ካልተዘጋ ይተናል። ትነቱ ፕሮቲኑንም አሲዱንም ስለሚያወፍር ውጤቱ የሙቀቱ ይሁን የመወፈሩ አይታወቅም። ክዳኑን በፓራፊልም ጠቅልሉ፤ ቲዩቡን ከማስገባታችሁ በፊትና ካወጣችሁ በኋላ መዝኑት። ከጎደለ ያ ናሙና አይቆጠርም።

መብራቱን ታውቁታላችሁ። ጄኔሬተር ለሌሊት ዋተር ባዝ አይነሳም። እኔ የመረጥኩት መፍትሔ ጥያቄዬን ራሱን ማስተካከል ነበር። «ክሩ ስንት ሰዓት ላይ መሥራት ይጀምራል?» የሚለው ጥያቄ ያልተቋረጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ «በዚህ ጨውና በዚያ ጨው መካከል መጨረሻ ላይ ልዩነት አለ ወይ?» የሚለው ግን ሁለቱም ናሙናዎች አንድ ባዝ ውስጥ አብረው ከሞቁና አብረው ከቀዘቀዙ መልስ ይሰጣል። መብራት ሲሄድ ኮንትሮሉም (ማነጻጸሪያው ናሙና) እኩል ይጎዳል። ባዙን ሙሉ ውሃ አድርጉ፣ በስታይሮፎም ክደኑት፤ ትልቅ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ውስጡ ተዉት። የመብራት መቋረጡን ቴሲሳችሁ ላይ መጻፍ አያሳፍርም፤ ፈታኝ የሚጠረጥረው ሁሉም ነገር የሰመረበትን ሠንጠረዥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ተማሪዎች ከማንም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ፕሮቲን ነጭ ሆኖ መደፍረሱ አሚሎይድ መሆኑን አያሳይም። እንቁላል ስንቀቅል ነጩ የሚነጣው ፕሮቲኖቹ ተፈትተው፣ በየአቅጣጫው ተያይዘው ብርሃን ስለሚበትኑ ነው፤ ቅርጽ የለሽ ጉጉል ነው። ላይሶዛይምን በፒኤች 7 አጥብቃችሁ ብታሞቁት ተመሳሳይ ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። በፒኤች 2 ላይ ግን ሁሉም ሞለኪውል ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚሸከም እርስ በርስ ይገፋፋል፤ ዝም ብሎ መጓጎሉ ይከለከላል፤ ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት የሚሄደው መደርደር ያሸንፋል። አሲዱም ሰንሰለቱን አስፓርቲክ አሲድ ያለባቸው ቦታዎች ላይ እየቆራረጠ ያግዛል። ከቀናት በኋላ ቲዩቡ ውስጥ የምታዩት ጥርት ያለ፣ ምናልባት ትንሽ ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። በክር የተሞላው ያ ጥርት ያለው ነው! ነጩን አንስቶ «አሚሎይድ አገኘሁ» ያለ፣ ጥርቱን ደግሞ «አልሠራም» ብሎ የደፋ ተማሪ አይቻለሁ። የ400 ናኖሜትር ንባብ መደፍረስን ነው የሚለካው፣ ሌላ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ናሙና ጎን ለጎን ይኑራችሁ፦ ያልሞቀው፣ በፒኤች 7 ሞቆ የነጣው፣ በፒኤች 2 የቆየው። ከዚህ በኋላ የምትጠቀሙበት ማንኛውም ቀለም ሁለተኛውን ከሦስተኛው መለየት ካልቻለ ቀለሙ አልሠራላችሁም።

ቀለሙ ኮንጎ ሬድ ነው፤ ከኬሚካሎቹ ሁሉ ርካሹና ለእኛ አገር ሥራ የሚሆነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራው ለጥጥ ማቅለሚያ ነበር፤ አሚሎይድን ለመለየት ሥራ ላይ የዋለው በ1922 ነው። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ በሆነችው ኮምቦልቻ ይህን ስናገር ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ቴክስታይል ኢንጂነሪንግ ከሚማሩት ጋር ስለ ቀለም ኬሚስትሪ ያወራነውም ከባዮሎጂ ሰዎች ጋር ካወራነው ይበልጥ ጠቅሞኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀለሙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጎን ለጎን የተደረደሩበትን ነገር ይወዳል፤ ጥጥም አሚሎይድም እንዲህ ናቸው። ጥቅሙም ጦሱም ከዚሁ ይመጣል። ስላይዳችሁን በጥጥ ወይም በሶፍት ከጠረጋችሁ የቀረው ብናኝ ቀልቶ፣ በፖላራይዝድ ብርሃን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) አብረቅርቆ ይታያችኋል፤ ፎቶ አንስታችሁም «ፋይብሪል»፣ ማለትም የአሚሎይድ ክር፣ ልትሉት ትችላላችሁ። በታጠበና በአየር በደረቀ ስላይድ ሥሩ፤ ፕሮቲን የሌለበት ኮንትሮል ስላይድም ይኑር።

ሌላው ወጥመድ ፒኤች ነው። ኮንጎ ሬድ ራሱ የአሲድ መለያ ነው፤ ከፒኤች 3 በታች ሰማያዊ ይሆናል። የፒኤች 2 ናሙናችሁን በቀጥታ ብትጨምሩበት የቀለም ለውጥ ታያላችሁ፣ ለውጡን ያመጣው ግን አሲዱ ነው። መጀመሪያ ፒኤች 7.4 የፎስፌት በፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) ውስጥ አቅጥኑት፤ ከተቀላቀለ በኋላም ፒኤቹን ለኩ። ቀለሙን የምታሟሙት በዚያው በፈር ነው፤ ሲቀመጥ ራሱ ስለሚጓጉል በቀጭን ፊልተር አጥልሉት። ከዚያ ከ400 እስከ 600 ናኖሜትር ሦስት ስካን ትወስዳላችሁ፦ ቀለሙ ብቻ፣ ፕሮቲኑ ብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ። የመጨረሻውን ወስዳችሁ ሁለቱን ቀንሱለት። ቀለሙ ብቻውን 490 አካባቢ ነው ጫፉ፤ አሚሎይድ ካለ ልዩነቱ 540 አካባቢ ጎልቶ ይወጣል። «ፕሮቲኑ ብቻ» የሚለውን ስካን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የነጣው ናሙና በመደፍረሱ ብቻ ንባቡን ከፍ ስለሚያደርግ ያለ እሱ ምንም መናገር አይቻልም።

ማይክሮስኮፑን በተመለከተ፦ ኮንጎ ሬድ የያዘ አሚሎይድ በሁለት የተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል እንደ ፖም አረንጓዴ ያበራል። ፖላራይዚንግ ማይክሮስኮፕ ከሌለ የተሰበረ ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ያለው ፊልም ይሠራል። ደሴ ፒያሳ ያሉ የሞባይል ጠጋኞች የሚጥሉትን በነጻ ይሰጣሉ፤ «ለምንሽ ነው?» ብለው ሊስቁባችሁ ይችላሉ እንጂ። አንዱን ቁራጭ ከብርሃኑ በላይ፣ ሌላውን ዓይን ማያው ላይ አድርጉና ሜዳው እስኪጨልም አዙሩት። ፎቶዎቹን ሳትነኩ፣ ሳታደምቁ ኦሪጅናሉን አስቀምጡ። ስለ አሚሎይድ ቤታ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረ ጽሑፍ ምስሎቹ ተነካክተዋል ተብሎ በ2024 መሰረዙን ልጆቹ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ይደንግጡ።

ታዮፍላቪን ቲ የተባለው ሌላ ቀለም ከኮንጎ ሬድ ይልቅ ትንሽ ክርንም ይለያል፤ በ450 ናኖሜትር ብርሃን ሰጥታችሁ 485 አካባቢ ታነባላችሁ፣ ግን ፍሎሪሜትር (ቀለሙ መልሶ የሚያበራውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ይፈልጋል። እኔ ናሙናዬን አዲስ አበባ ወስጄ ነው ያስለካሁት። የሚወጣው ኩርባ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ምንም የማይታይበት ዝምታ፣ ከዚያ ፈጣን መውጣት፣ በመጨረሻ ሜዳ። ዝምታው የመጀመሪያው ቁራጭ ክር እስኪሠራ ያለው ጊዜ ነው። የተሠራ ክር ጥቂት ብትጨምሩበት ያጥራል ወይም ይጠፋል፤ እርሾ የገባበት ሊጥ ቶሎ እንደሚነሳ ማለት ነው። ፕሪዮን የተባለው በሽታ የሚያስተላልፍ የተበላሸ ፕሮቲን ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚሄድበት መሠረታዊ መንገድም ይኸው ነው፤ ስታንሊ ፕሩዚነር እ.ኤ.አ. በ1997 ኖቤል አግኝቶበታል። ለእኛ ያለው ተግባራዊ ትርጉም ግን ይህ ነው፦ ክር የነበረበት ቲዩብና ኩቬት በውሃ ታጥቦ አይነጻም። የቀረው ፍርፋሪ የሚቀጥለውን ሙከራ ቀድሞ ያስጀምርባችኋል። ፕላስቲኩን አዲስ ተጠቀሙ፤ ብርጭቆውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ዘፍዝፉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ከሚመጡልኝ ርዕሶች አብዛኞቹ «የእንትን ቅጠል የአሚሎይድን መፈጠር ይከላከላል» የሚሉ ናቸው። ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ ሽፈራው። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ቅጠሉ ጓሮ ነው ያለው፣ ለገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ ሲጻፍም ደስ ይላል። ችግሩ የቅጠል ጭማቂ ቀለም ያለው መሆኑ ነው። ታዮፍላቪን የሚያበራበትን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል፤ ውስጡ ያሉት ፖሊፊኖሎችም ከቀለሙ ጋር ክሩ ላይ ቦታ ይሻማሉ። ንባቡ ወረደ ማለት ክሩ ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ቅጠሉን ክሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ከመለካታችሁ ከደቂቃ በፊት ጨምሩት። ያኔም ንባቡ ከወረደ የቅጠሉ «መድኃኒትነት» የብርሃን ጨዋታ ነው። በቀለም የማይመካ ሁለተኛ መለኪያም አድርጉ፤ በፍጥነት ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ሟሙቶ የቀረውን ፕሮቲን መለካት አንዱ ነው፣ ግን የቅጠሉ ጭማቂም 280 ላይ ስለሚያነብ ብራድፎርድ በተባለው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ይሁን፤ እሱም ለፖሊፊኖል ኮንትሮል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ካለፈና ልዩነቱ ከቆመ፣ አብሽሩ፣ ጥሩ ነገር ይዛችኋል። ያም ሆኖ የእንቁላል ፕሮቲን በፒኤች 2 ላይ የሆነውን ይዞ «ለአልዛይመር» የሚል ርዕስ መስጠት አይገባም።

በሽታ ያልሆነውን ጎን የሚመርጥ ካለ ደግሞ ባክቴሪያ አለለት። ኢ. ኮላይ ኩርሊ የሚባል አሚሎይድ ክር ሆን ብሎ ይሠራል፤ በእሱ ከነገሮች ገጽ ጋር ይጣበቃል፣ ባዮፊልም (ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው የሚኖሩበትን ሽፋን) ይገነባል። ኩርሊ አሚሎይድ መሆኑ የታየው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ጨው የሌለበት አጋር ላይ ኮንጎ ሬድ ጨምራችሁ ብታሳድጉት ኩርሊ የሚሠራው ቀይ ኮሎኒ ይሆናል፤ የማይሠራው ነጣ ብሎ ይቀራል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ይህን የሚያደርጉት ከ30 ዲግሪ በታች፣ 26 እና 28 መካከል ነው። የጋራ ኢንኩቤተር ሁልጊዜ 37 ላይ ስለሆነ ማንም አያስነካችሁም፤ ደሴ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ላይ ግን በሞቃቱ ወራት ጠረጴዛው ራሱ ኢንኩቤተር ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሠራበት ምክንያት ይኸውላችሁ። ለማስተማሪያ የሚውለውን ጉዳት የሌለውን ዝርያ ብቻ ተጠቀሙ። ሴሉሎስ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ቀይ ይሆናሉ፤ ጥጥን አስታውሱ።

ስለ ኮምፒውተሩ ሥራ አጭር ልበል፣ ልጆቹ ከእኔ ይልቃሉና። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው ፕሮግራም አልፋፎልድ እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ካስገኘ ወዲህ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚከፍተው። ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾች በነጻ ተቀምጠዋል፤ በስልክም ይታያሉ። የሚተነብየው ግን በዋናነት ጤነኛውን ቅርጽ ነው። እንደ አልፋ ሲኑክሊን ያለ የተወሰነ ቅርጽ የሌለው ፕሮቲን ስትከፍቱ ረጅም ጥቅልል ታያላችሁ፤ እርግጠኝነቱን የሚያሳየውን ቀለም ሳታዩ ጽሑፋችሁ ላይ አታስገቡት። የክሮቹን እውነተኛ ቅርጽ ከፈለጋችሁ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ውስጥ በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተገኙት አሉ፤ ከአልዛይመር ሕመምተኛ የተወሰደው የታው ክር ከ2017 ጀምሮ እዚያ ይገኛል። ለመጓጎል የተጋለጠውን የሰንሰለት ክፍል የሚገምቱ እንደ ታንጎና አግሬስካን ያሉ መሣሪያዎችም ነጻ ናቸው። ጽሑፍ ለማግኘት ቤተ መጻሕፍታችሁን የሂናሪ (የጤና ምርምር መጽሔቶችን የሚከፍት አገልግሎት) መግቢያ ጠይቁ፤ የፐብሜድ ሴንትራል ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው።

ይህን ርዕስ ከያዛችሁ ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ያንቺ ትምህርት ለኔ መድኃኒት ምን ይላል?» አሉኝ። ብዙ ይላል። ኢንሱሊን ራሱ ሲሞቅና ሲናጥ ክር የሚሠራ ፕሮቲን ነው። «እማማ፣ አይናጡት፤ ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ ወይም ክር ክር ካለበት አይውጉት፤ በረዶ የያዘውም ይጣል» አልኳቸው። ተፈጥሮው ደመናማ የሆነውና በቀስታ በመዳፍ መካከል የሚንከባለለው ዓይነትም ስላለ የትኛውን እንደሚወስዱ ፋርማሲ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው እንደ ዓይነቱ 4 ሳምንት ገደማ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ። ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ያሉት ይጠንቀቁ።

ሌላው የሚጠይቁኝ ስለሚረሱ ወላጆች ነው። አሚሎይድ ቤታን የሚያጠራ ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ የበሽታውን መክፋት በመጠኑ ያዘገያል እንጂ አያድንም፣ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይፈልጋል። እዚህ ላሉ እናትና አባት ከዚህ የሚቀድመው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርት መርሳትን ያመጣሉ፣ ይታከማሉም። «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል» ተብሎ ቤት መዋል የለበትም።

ደህንነት ላይ፦ የላይሶዛይም ክር አይተላለፍም፣ አትፍሩት። የታመመ እንስሳ ወይም ሰው አንጎል ግን በፍጹም አትንኩ፤ ፕሪዮን በተለመደው ኦቶክሌቭ አይሞትም። ኮንጎ ሬድ ካንሰር ከሚያመጣው ቤንዚዲን የተሠራ ስለሆነ በጓንት ያዙት፤ የተረፈውንም ዕቃ ላይ ምልክት አድርጋችሁ አጠራቅሙ፣ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉት፤ መጨረሻው ቦርከና ወንዝ ነው።

ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ያለ ላብራቶሪ ናሙናችሁን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዲያይላችሁ ስትጽፉ ሲቪና ረጅም መግቢያ አትላኩ። ሦስቱን የኮንጎ ሬድ ስካኖች፣ የነጣውን ኮንትሮልና የፖላራይዘሩን ፎቶ አያይዙ፤ በሁለት መስመር ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ ጻፉ። እኔ ምላሽ ያገኘሁት በእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ነው። የመለሱልኝ ሰዎች ጥያቄም «ፒኤቹን ከቀላቀልሽ በኋላ ለክተሻል?» የሚል ነበር።